ከታች ሀ፣ ከላይ በ

ታፔላ ጻፊ ነኝ፤ ነበርኩ ማለት ይሻላል፤
ቀጥ ያለ መስመሬን ፒያሳ ያውቀዋል።
«ልብስ ስፌት»፣ «ፀጉር ቤት»፣ «ዱቤ የለም ጌታዬ»፤
ቆርቆሮን ማናገር ነበረ ሥራዬ።
ዘንድሮ ሸራውን ማሽን ያትመዋል፤
ቀለሜ በጣሳው ቆዳ አብቅሎ ይውላል።

ሥርጉት መጣች አንድ ቀን፣ የሕፃናት መምህር፤
ኪሷ ሙሉ ጠመኔ፣ ቀሚሷ ሙሉ አፈር።
«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ይነሡ! ምን ይጎልትዎታል ከበር?
እርሳስ ሳስይዛቸው ጣታቸው ይደርቃል፤
ደብተር ሲያይ ግማሹ ሽንቴን መጣ ይላል፣
ሌላው ሆዴን ይላል።
ደረጃ ግን አያስፈራም። ደረጃ ማን ያርማል?»

ወረድን ሰባ ደረጃ፣ ቅዳሜ በማለዳ፤
የካፌው ጠራጊ ገና ውሃ ሲቀዳ።
አሥራ ሦስት ሕፃናት፣ አሥራ ሦስት ጠመኔ።
ሥርጉት ከታች ቆማ ዘወር አለች ወደ እኔ፤
«ሰባት ጊዜ አሥር ስንት ነው? ሰባ! ልብ አላሉም?
ከሀ ተነሥተን ብንወጣ ከቦ አናልፍም።»
እውነቷን ነው፤ ከታች ሀ፣ ከላይ በ።
ስንት ዘመን ስረግጠው ይህ ለእኔ መች ታሰበ?

ለ ሲባል ናኦድ ቆመ፣ ሁለት እግሩን ከፍቶ፤
ሉ ሲባል ክንድ አበቀለ፤ ሊ ሲባል ጫማ አሹልቶ፤
ላ ላይ አንድ እግር አነሣ፤ ሌ ላይ፣ አምባር አጥቶ፣
የሀናንን ፀጉር ማሰሪያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስገብቶ
እስኪወድቅ ሳቀ።
መ መነጽር ሆነች፤ ኢምራን ዓለም አየባት፤
ሰ ባርኔጣ ደፍታ ሸ ብለው ጠሯት፤
ቀ በእንጨት ከረሜላ፤ አንዱ ተንበርክኮ ላሳት።

እኔማ ማስመሪያ ይዤ ከኋላ ከኋላ፣
«ይቺ ጎበጥ ብላ፣ ያቺ ዘመም ብላ…»
አርባ ዓመት የለመደ እጅ መች አርፎ ያውቃል?
ሥርጉት ቀማችኝና «ይኼ ፈረስ ይሆናል»
ብላ ለኢምራን ሰጠችው። ማስመሪያዬ ጋለበ፤
እስከ ረ፣ እስከ ሰ፣ እስከ ላይ፣ እስከ በ።

ሲፈን ግን አልወጣችም።
ሁለተኛዋ እርከን ላይ፣ ፊቷን ቁልቁል አዙራ፣
እናቷን ነው የምታየው፤ ሎተሪዋን ደርድራ
«ዛሬ የሚወጣ!» የምትለዋን፣ ከአስፋልቱ ዳር።
ከእግሯ ሥር፣ አንደኛዋ ድንጋይ ላይ፣ በዝግታ፣
ምላሷን ከከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣
አንድ ፊደል ጻፈች።

እኔ ከታች ነበርኩ። «ሲፈንዬ፣ በ ጻፍሽ፤
ተራው የሀ ነው።»
«ሀ ናት።»
«በር አትመስልም ታዲያ?»
«ኩባያ ናት! ውሃ ትይዛለች!»
እናቷም ከታች ሆና «በ ናት እኮ!» አለች።
ሊስትሮው ብሩሹን ትቶ «በ» አለ፤
ናኦድ ከላይ «ሀ!» አለ፤
ደረጃው ለሁለት ተከፈለ።

ጉልበቴ እየጮኸ ወጣሁ፤ ከጎኗ ተቀመጥኩ።
ኩባያ ነበረች።
አርባ ዓመት በር ላይ ስጽፍ ከደጅ ነበርኩ፤
ውስጥ ለተቀመጠ ምን እንደሚመስል
አንድ ቀን አልጠየቅኩ።

እናቷም መጥታ አየች፤ ትኬት ዘቅዝቃ ሳቀች፤
«የእኔም ስድስትና ዘጠኝ
ከደንበኛ ያጣሉኛል» አለች።

«በዘይት ቀለም ላድምቀው?» አልኳት ሥርጉትን በኋላ፤
«ጣሳዬ አለ፣ ቆዳውን ብቀደው።»
«ተዉት፣ ዝናብ ይጠበው፤
ሰኞ ምን ሊጽፉ ነው?»

ማታ ቤቴ ስገባ፣
ሱሪዬ ጉልበት ላይ ግማሽ ፊደል አየሁ።
ሀ ይሁን በ፣ ከየት ሆኜ ልየው?
ሳላራግፈው ሰቀልኩት።